ምርቃት፣ ምረቃ፣ መረቅ

ማርዋ ኸይሩ ያደገችው ሚዛን ተፈሪ መናኸሪያ አጠገብ፣ በአባቷ የባጃጅና የሞተር መለዋወጫ ሱቅ ባንኮኒ ጀርባ ነው። አባቷ ኸይሩ በወጣትነቱ ከስልጤ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ሳቁ ከሱቁ የሚሰፋ ሰው ነው። ደንበኛ ሲመጣ የዕቃውን ስም አይጠይቅም። "ምን ሆነችብህ?" ነው የሚለው። አንዱ "ካንዴላ ስጠኝ" ይላል፤ ሌላው "ያቺን እሳት የምትተፋዋን" ይላል፤ ከገጠር የመጣው ደግሞ ጣቱን ቀስሮ ቅርጿን አየር ላይ ይስላል። ለሦስቱም የሚሰጣቸው አንድ ዕቃ ነው። ማርዋ ገና ፊደል ሳትቆጥር ይህን ሁሉ ስትሰማ ኖራለች።

ኮምፒውተር ሳይንስ ተምራ ስትጨርስ ሥራ ቶሎ አልተገኘም። ወደ ሱቁ ተመለሰች። አባቷ ያሾፍባት ነበር።

"ዲግሪው ፍሬን ሸራ መሸጥ አይከለክልም አይደል?"

"አይከለክልም አባዬ፤ ግን አያግዝምም።"

ሥራውን ያመጣላት ዝናብ ነው። የሚዛንን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሲመጣ "ልምጣ ወይ?" ብሎ አይጠይቅም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የከተማዋ የማኅበረሰብ ሬዲዮ ኃላፊ አቶ ታፈሰ ዝናቡ አባሯቸው ሱቁ ውስጥ ገቡ። ዝናቡ አላባራ ሲል ወሬ ተጀመረ፤ ወሬውም ወደ ሬዲዮ ጣቢያው ዞረ።

"ያለን ድምፅ ተራራ ያህላል" አሉ አቶ ታፈሰ። "የሽማግሌ ታሪክ በለው፣ ሠርግ በለው፣ የገበሬ ምክር በለው፤ በአማርኛ፣ በቤንችኖን፣ በሸኮ፣ በካፊ ኖኖ ሞልቷል። ሲፈለግ ግን አይገኝም።"

"ፋይሎቹ ምን በሚል ስም ነው የተቀመጡት?" አለች ማርዋ።

አቶ ታፈሰ ኮፍያቸውን እያራገፉ ሳቁ። "'የተለያዩ ሁለት' የሚል አለ። 'የመጨረሻ' የሚል አለ። ከሱ ቀጥሎ ደግሞ 'እውነተኛው የመጨረሻ' አለ።"

ማርዋም ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ግን "ነገ መጥቼ ልየው?" አለች። በማግስቱ ሄደች፤ በዚያው ቀረች።

ጣቢያው ዳገት ላይ ያለች፣ ጓሮዋ በሙዝ የተከበበ ትንሽ ቤት ናት። ማርዋን የተቀበለቻት የቤንችኖን ፕሮግራም አዘጋጇ ሰርካዲስ ነበረች፤ በከተማው ድምፅዋን የማያውቅ የለም፤ መልኳን ግን ብዙ ሰው አያውቀውም። ገበያ ስትወርድ አፏን እስክትከፍት ድረስ ማንም ዞር ብሎ አያያትም፤ "ቲማቲሙ ስንት ነው?" ስትል ግን ገበያው በሙሉ ዞር ይላል። ኤክሴል ላይ የቀረጻዎቹን ርዕስ፣ ቦታና ቀን የሚይዙ ሠንጠረዦች ነበሩ፤ ግን እያንዳንዱ አዘጋጅ እንደ ልማዱ የጻፋቸው ስለሆኑ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም።

ማርዋ ያሰበችው እንዲህ ነው። በነፃ የሚገኝ የፍለጋ ሰርቨር አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ትጭናለች። እያንዳንዱ ቀረጻ ለሰርቨሩ አንድ ሰነድ ይሆናል። ሰነዱ ደግሞ ፊልድ በሚባሉ ክፍሎች ይከፈላል፦ ርዕስ፣ ተናጋሪ፣ ቋንቋ፣ ቦታ፣ ቀን። አንድ ሰው የፈለገውን ቃል ሲጽፍ ሰርቨሩ ፊልዶቹን አገላብጦ ያመጣለታል። ይህ እንዲሆን ግን እያንዳንዱ ፊልድ ምን ዓይነት ነገር እንደሚይዝ አስቀድሞ ለሰርቨሩ መንገር ያስፈልጋል፤ ይኼ ቁጥር ነው፣ ይኼ ቀን ነው፣ ይኼ በየቃሉ ተበትኖ የሚፈለግ ጽሑፍ ነው፣ ይኼ ደግሞ ሳይነካ እንዳለ የሚቀመጥ ስም ነው ብሎ። ይህ መመሪያ ስኪማ ይባላል። ሰርቨሩ "አልነገርሽኝም? እንግዲያው ገምቼ እሞላዋለሁ" የሚል አማራጭም አለው። ማርዋ ቸኩላ ነበርና እሱኑ መረጠች።

የማሳያው ቀን የጣቢያው የቦርድ አባላት መጡ። ወንበር ተደረደረ። አቶ ታፈሰ ጉሮሯቸውን ጠርገው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ።

"ከቀላሉ እንጀምር" አሉና "ቡና" ብለው ጻፉ።

አንድም አልተገኘም።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት "በሉ ይኼ ማሽን የአገራችን ልጅ አይደለም" ሲሉ ሁሉም በሳቅ ፈነዳ። ነገሩ ሰርቨሩ ርዕሱን ሁሉ ሳይበትን እንደ አንድ ቃል መያዙ ነበር፤ "የቡና በሽታና መከላከያው" የሚለውን ሙሉውን ካልጻፉለት አያውቀውም። አቶ ታፈሰ ቀጥለው የፀሐይ ኃይል ፕሮግራሙን ርዕስ ከነሙሉው ጻፉ። እሱም የለም። የጻፉት በፀሐዩ "ፀ" ነው፤ ሠንጠረዡ ላይ ያለው በጸሎቱ "ጸ" ነው። የአዲስ ዓመት ዋዜማ ቀረጻዎችማ ጭራሽ አልገቡም። የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ የሚያውቀው ሰርቨር ጳጉሜን የሚባል ወር ሲያይ "እንዲህ ያለ ቀን የለም" ብሎ መልሷቸዋል።

ማርዋ ፊቷ ቲማቲም መሰለ። እንግዶቹ ሲወጡ ሰርካዲስ ትከሻዋን ያዝ አደረገቻት።

"አይዞሽ፤ ቤንችኖንን ይተወውና አማርኛም ገና አልገባውም ማለት ነው። ልጅ ነው፤ ያድጋል።"

"ጥፋቱ የሱ አይደለም እትዬ ሰርካዲስ" አለች ማርዋ። "ምኑንም ሳልነግረው ነው ሥራ ያስጀመርኩት።"

በማግስቱ የጫነችውን ሁሉ አጠፋች። አሁን ኮድ አልጻፈችም፤ ወንበር ይዛ የጣቢያው በር ላይ ተቀመጠች። ወደ ጣቢያው የሚመጣው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ መስማት ፈለገች። ከጌጫ የመጣ አንድ መምህር "ያን የበገና ደርዳሪ ሽማግሌ" አለ፤ ስማቸውን አያውቀውም። ከቱም ከተማ የመጣች ሴት "ድልድዩ የተመረቀ ጊዜ የተቀዳውን" አለች። አንዱ "ዝናቡ በጣም የከፋበት ዓመት" አለ። በቀን የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ሰው የሚያስታውሰው ሰውን፣ ቦታንና አጋጣሚን ነው።

ስለዚህ ነጭ ሰሌዳው ላይ አዲስ ስኪማ መጻፍ ጀመረች። "ተናጋሪ" የሚለው ፊልድ ከአንድ በላይ ስም እንዲይዝ አደረገች፤ አንድ ሰው የመዝገብ ስም፣ የቤት ስምና ሰፈሩ ያወጣለት ስም ሊኖረው ይችላልና። "አጋጣሚ" የሚል አዲስ ፊልድ ጨመረች። ቀኑን ለሁለት ከፈለችው፤ አንዱ ሰው እንደጻፈው በእኛ አቆጣጠር የሚቀመጥ ጽሑፍ ሆነ፤ ሌላው ለመደርደር እንዲመች ዓመቱን ብቻ የሚይዝ ቁጥር ሆነ። ጳጉሜን ክብሯን አገኘች። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት፣ ሀሌታውን ሀ፣ ሐመሩን ሐ፣ ብዙኃኑን ኀ፣ ሰርቨሩ ከመፈለጉ በፊት ወደ አንድ እንዲያመጣቸውም አዘዘችው።

አቶ ታፈሰ ሰሌዳውን አዩና ተቆጡ። ቁጣቸው የሚቆይ አይደለም፤ ግን ሲጀምር ይሞቃል።

"ሁሉም ፊልድ ግዴታ ይሁን! ያልተሞላ ነገር ካለ አይግባ። ሥርዓት ይኑረን እንጂ!"

"እንዲያ ካልን አቶ ታፈሰ፣ ካለን ቀረጻ አብዛኛው ደጅ ይቀራል። የተናጋሪው ስም የተጻፈው በስንቱ ላይ ነው?"

"ይሞላ!"

"ማን ይሙላው? ማንነቱን የምናውቀው ድምፁ ተገኝቶ ሲሰማ ነው። ካልገባ አይገኝም፤ ካልተገኘ አይሰማም።"

አቶ ታፈሰ ጢማቸውን ዳሰሱ። "ግዴታ የሚሆነው የትኛው ነው ታዲያ?"

"መለያ ቁጥሩና የድምፁ ፋይል ያለበት ቦታ። ሌላው ቀስ እያለ ይሞላል።"

"ቋንቋውንም ጨምሪበት" አሉ። "እሱን ሰምቶ የማያውቅ አዘጋጅ እዚህ አይቀጠርም።" ማርዋ እውነታቸውን ነው ብላ ጨመረችው።

በዚህ ሁሉ መሃል አንድ የምትኮራበት ሥራ ሠርታ ነበር። አማርኛ ከአንድ ሥር ብዙ ቃል ያወጣል፤ ገበሬ ብሎ የፈለገ ሰው "ገበሬዎች" እና "የገበሬው" የሚሉትንም ማግኘት አለበት። ስለዚህ ማርዋ ቃሉን ከቅጥያው አላቅቆ፣ ፊደሉንም ወደ ግዕዙ፣ ማለትም ወደ መጀመሪያ ቅርጹ፣ መልሶ ሥሩን ብቻ የሚያስቀር ማጣሪያ ሠራች። ስትሞክረው ሠራላት። ያን ቀን ሙዝ ገዝታ ለጣቢያው ሰው ሁሉ አደለች።

ዲቦራ የመጣችው ያኔ ነው።

ዲቦራ በሸዋ ቤንች የአንደኛ ደረጃ መምህርት ናት። ቀጠን ያለች፣ ንግግሯ ቁርጥ ቁርጥ ያለ ልጅ ናት። በር ላይ ቆማ "የአባቴን ድምፅ ፈልጌ ነው" ስትል ሰርካዲስ ፊቷን አጨፈገገች።

"ነፍስ ይማር የኔ እህት።"

"ኧረ አባቴ በሕይወት አለ!" አለች ዲቦራ ደንግጣ። "ድምፁ ነው የሄደው።"

አባቷ ጋሼ ተካ በአካባቢው በምርቃት የታወቁ ሰው ናቸው። ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ ቤት ሲሠራ፣ ልጅ ሲዳር፣ የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ። ከጊዜ በኋላ ጉሮሯቸውን ታመው ኦፕራሲዮን ተደረጉ፤ ሕመሙ ዳነ፣ ድምፃቸው ግን ተመልሶ አልመጣም። አሁን ዲቦራ ልታገባ ነው፤ ሠርጉም ቀርቧል። የሰውን ልጅ ሁሉ መርቀው ሲድሩ የኖሩ አባት ለራሳቸው ልጅ ዝም ብለው ሊቆሙ ነው።

"አንድ ጊዜ ከሬዲዮ መጥተው ሲመርቅ ቀድተውታል" አለች። "እኔ ልጅ ነበርኩ። መቼ እንደሆነ አላውቅም።"

"ምርቃት ነው አይደል?" አለች ማርዋ፤ በራሷ ተማምና ጻፈችው።

ስክሪኑ በውጤት ተሞላ። የመጀመሪያው የጤና ጣቢያ ምረቃ ነበር። ሁለተኛው የተማሪዎች ምረቃ። ሦስተኛውን ዲቦራ ጎንበስ ብላ ጮክ አድርጋ አነበበችው።

"'የበግ መረቅ አሠራር፣ ከወይዘሮ…' ይኼ የምግብ ፕሮግራም አይደለም እንዴ?"

ሰርካዲስ ጠረጴዛውን ይዛ ሳቀች። ማርዋ ስክሪኑ ላይ አጎነበሰች። ማጣሪያዋ ቃሉን ሁሉ ወደ ሥሩ ሲመልስ ምርቃትን፣ ምረቃንና መረቅን አንድ ድስት ውስጥ ከቷቸዋል። እንግዳዋ እንዳትቀየማት ፈርታ ቀና አለች፤ ዲቦራም እየሳቀች ነበር።

"ለሠርጉ መረቅም ያስፈልገናል" አለች ዲቦራ። "ግን እሱን እናቴ ትችለዋለች።"

ማርዋ ያን ከሰዓት ስኪማውን እንደገና ከፈተችው። ርዕሱ በሁለት ፊልድ እንዲገለበጥ አደረገች። አንደኛው ቃሉን እንዳለ ይይዛል፤ ሁለተኛው ሥሩን ይይዛል። ፍለጋው ሁለቱንም ያያል፤ ነገር ግን ቃሉ እንዳለ የተገኘበት ከላይ ይቀመጣል፣ በሥሩ ብቻ የተገኘው ከታች ይከተላል። ስኪማ ሲቀየር ቀድሞ የገባው ሰነድ በአዲሱ ሥርዓት እንደገና መጫን ስላለበት፣ አሮጌው ኮምፒውተር እያቃሰተ ሁሉንም ዳግመኛ መቁጠር ያዘ። ሦስቱ ሴቶች ሻይ ጠጡ።

መረቁ ወደ ታች ወረደ። የጋሼ ተካ ቀረጻ ግን አሁንም የለም። በስማቸው ተፈለገ፤ የተናጋሪው ፊልድ በአብዛኛው ባዶ ነው። በሸዋ ቤንች ተፈለገ፤ የመጡት ጥቂቶች ነበሩ፤ የሳቸው ከውስጡ አልተገኘም።

"ምርቃቱ የተደረገው ለምን ነበር?" ብላ ጠየቀች ማርዋ።

"አዲሱ ገበያ ሲከፈት።"

"ሲመረቅ ማለት ነው?"

"አዎ፣ ሲመረቅ።"

ማርዋና ሰርካዲስ ተያዩ። ምርቃቱን የቀዳው ሰው "ምርቃት" ብሎ አልጻፈም ይሆናል፤ "ምረቃ" ብሎ ይሆናል እንጂ። ያ ሁሉ የተሳቀበት ማጣሪያ ለካ መጣል የለበትም። ግን የገበያ ምረቃ ብለው ሲፈልጉ የዞኑ ገበያ ሁሉ መጣ፤ ሸዋ ቤንች የሚል ግን የለበትም።

ሰርካዲስ ከኤክሴሎቹ አንዱን ከፍታ ወደ ታች ስትወርድ ቆየች፤ ድንገት "አይ እኛ!" አለች። "ተመልከቺ እንዴት እንደምንጽፍ።"

በቦታው ረድፍ ላይ የተጻፈው "ሸ/ቤንች" ነበር። መሥሪያ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ቃል ማሳጠር ይወዳል፤ ጽሕፈት ቤቱ "ጽ/ቤት" ነው፣ መምሪያ ኃላፊው "መ/ኃላፊ" ነው፣ ሸዋ ቤንችም "ሸ/ቤንች" ሆናለች። ሰርቨሩ ጭረቷን ሲያይ ቃሉን እዚያው ላይ ሰንጥቆታል፤ "ሸ" ብቻዋን ቀርታለች፤ "ቤንች" ደግሞ ብቻውን ሲሆን በየፋይሉ ያለ ቃል ስለሆነ ከብዛቱ መሃል ጠፍቷል። ሌላው አዘጋጅ ደግሞ ሁለቱን ቃል አጣብቆ "ሸዋቤንች" ብሏል።

ማርዋ ለቦታ ፊልድ የራሱን ዓይነት ሠራችለት። ቃል ከመሰንጠቁ በፊት አሕጽሮቱ እንዲፈታ፣ የተጣበቀውም የተለያየውም አንድ ቦታ መሆኑን የሚናገር የአቻ ቃላት ዝርዝር አስገባች። ሚዛን፣ ሚዛን ተፈሪ፣ "ሚ/ተፈሪ"፤ ቴፒ በ"ቴ" እና በ"ቲ"፤ ሁሉም ዘመድ ከዘመዱ ተገናኘ። እንደገና ተጫነ። ሰርካዲስ ሁለተኛ ዙር ሻይ አዘዘች።

ከዚያ ማርዋ ቦታውን ሸዋ ቤንች፣ ቋንቋውን ቤንችኖን፣ አጋጣሚውን ምረቃ አለችው። የቀሩት ቀረጻዎች በእጅ ጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አንድ በአንድ ከፈቷቸው። አንዱ የወፍጮ ቤት ነው። አንዱ ነፋስ ብቻ ነው። ቀጣዩን ሲከፍቱ የገበያ ጫጫታ መጣ፣ ቀጥሎ የአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ።

"ይቺማ እኔ ነኝ!" ብላ ጮኸች ሰርካዲስ። "እኔው ነኝ የቀዳሁት! ድምፄ እንዴት ቀጭን ነበር እናንተ!"

ወጣቷ ሰርካዲስ አንድ ነገር ጠየቀች፤ አንድ ወፍራም፣ እርጋታ ያለው የወንድ ድምፅ መለሰላት። ዲቦራ እጇን አፏ ላይ አደረገች። መጀመሪያ ሳቀች፤ ወዲያው ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና ጓሮ ያለውን ሙዝ ስታይ ቆየች። ድምፁ ሲያልቅ "እስቲ ድገሚልኝ" አለች።

በማግስቱ አባቷን ይዛ መጣች። ጋሼ ተካ ረጅም፣ ሸሚዛቸው በደንብ የተተኮሰ ሰው ናቸው። ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ ሲያደርጉላቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጥቂት ቆይተው ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ፤ የተናገሩትን አልረሱትም።

ችግሩ ምርቃቱ የገበያ መሆኑ ነው። ሰርካዲስ ለማርዋ በአማርኛ ነገረቻት፤ ገዢና ሻጭ አይኮራረፉ፣ ሚዛኑ አይዛባ፣ የመጣው ባዶ እጁን አይመለስ፣ ዝናብ ቢመጣም ጣሪያው ይቻለው የሚል ነው።

"ጋሼ፣ ገበያ ገበያ የሚለውን ቆርጬ አወጣዋለሁ" አለች ሰርካዲስ። "ቀላል ነው፤ ለሠርግ የሚሆነው ብቻ ይቀራል።"

ጋሼ ተካ ማዳመጫውን አወለቁ። ጣታቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን በሰፊው ዘርግተው መልሰው ደረታቸው ላይ ገጠሟቸው።

"እንዳለ ይሁን፣ ምርቃት አይቆረጥም ነው የሚለው" አለች ዲቦራ።

ከመሄዳቸው በፊት ማርዋ የተናጋሪውን ፊልድ ከፍታ ስማቸውን እንዲሞሉ ጠየቀቻቸው። ጋሼ ተካ በሁለት ጣት፣ ፊደል እየፈለጉ፣ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ። ቀጥለው እናታቸው የሚጠሯቸውን ስም ጻፉ። ቀና ብለው ሲያዩ ማርዋ "ይጨምሩ፣ ቦታ አለ" አለቻቸው፤ እሳቸውም በልጅነታቸው እግር ኳስ ሲጫወቱ የወጣላቸውን ቅጽል ስም ጨመሩ። ዲቦራ ያን ስም ሰምታ አታውቅም ነበርና መንገዱን ሁሉ ስትጠይቃቸው ሄደች።

በሠርጉ ቀን ማርዋና አባቷ ተጠርተው ሸዋ ቤንች ሄዱ። ለሙስሊም እንግዶች ምግብ ለብቻ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ኸይሩ ገና ሳይቀመጥ ከአምስት ሰው ጋር ተዋውቋል። ሰዓቱ ሲደርስ ጋሼ ተካ ተነሥተው ሙሽሮቹ ፊት ቆሙ። ድምፅ እንደሌላቸው ሁሉም ያውቃል። እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ሰርካዲስ ከጀርባ ቁልፉን ተጫነች።

ድምፃቸው ከስፒከሩ ሲወጣ አንዲት አሮጊት እልል አሉ። ጋሼ ተካ ከንፈራቸውን ከድምፁ እኩል ያንቀሳቅሳሉ፣ አንዳንዴ ትንሽ ይቀድሙታል። "ገዢና ሻጭ አይኮራረፉ" ሲል ሰው ሙሽሮቹን አይቶ በሳቅ አውካካ፤ አንዱ ሚዜ "ገዢው ማነው?" ብሎ ጮኸ። "የመጣው ባዶ እጁን አይመለስ" ሲል ምግብ የሚጠብቀው ጎን ከሁሉ የበለጠ አሜን አለ። ኸይሩ ቋንቋውን ባይሰማም ሰው አሜን ባለ ቁጥር "አሚን" እያለ እጁን ፊቱ ላይ ያብስ ነበር። ሲያልቅ ጋሼ ተካ ልጃቸውን ግንባሯን ሳሙ፤ ድምፁ ያኔ አልቆ የገበያው ጫጫታ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱንም ማንም አላጠፋውም።

ከሠርጉ ወዲህ ወሬው ሄደ። ሰው የአያቱን፣ የመምህሩን፣ የራሱንም የልጅነት ድምፅ ፍለጋ ይመጣል። የሰማው ሰው ደግሞ "ይኼ እኮ እገሌ ነው" እያለ ባዶውን ፊልድ ይሞላል፤ አቶ ታፈሰ በየሳምንቱ ስንቱ እንደተሞላ እየጠየቁ ደስ ይላቸዋል።

ማርዋ አሁን ቴፒ ትመላለሳለች። እዚያ ያሉ የሸኮ ቋንቋ አዘጋጆች ያላቸውን ቀረጻ ይዘው ጠርተዋታል። የመጀመሪያው ቀን ስኪማውን ከመክፈቷ በፊት የሸኮ ቃላት እንዴት እንደሚረቡ ንገሩኝ አለቻቸው። አንድ ሽማግሌ አዘጋጅ ወንበር ሳቡላት።

"መጀመሪያ ሰላምታውን ልመጂ" አሏት።

ሞከረች። ክፍሉ ሳቀ።

"ድገሚው" አሉ ሽማግሌው፤ ማርዋ ደገመችው።